ጋይንትን ማን አገኘው?

የጉዞ ማስታወቂያ የሚጽፉ ልጆች የሚወዷት አንዲት ቃል አለች፤ «ያልተዳሰሰ»። ያልተዳሰሰ ተራራ፣ ያልተዳሰሰ ገደል፣ ያልተዳሰሰ መንደር። ጉና ያልተዳሰሰ ነው። የስማዳ ቆላ ያልተዳሰሰ ነው። ከእስቴ ተነስቶ በጋይንት ደጋ እስከ ጨጨሆ በር የሚዘልቀው የእግር መንገድ ደግሞ «ገና ያልተገኘ የሃይኪንግ መስመር» ነው። የመንግሥት ሹም በበኩሉ ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ይለዋል፤ «እምቅ የቱሪዝም ሀብት»። እምቅ ማለት ታምቆ የተቀመጠ ማለት ነው። ማን እንዳመቀው ግን በየትኛውም ስብሰባ ተነግሮ አያውቅም።

እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ወይ አሥራ ሰባት ነው። ትከሻው ላይ ደበሎ፣ በጎኑ አኮፋዳ፣ በእጁ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዟል። እስቴ ውስጥ ቆማ ፋሲለደስ ሲማር ከርሞ አሁን ድጓውን ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም እየሄደ ነው። ጉናን በግራው ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያገኘውን ቁራሽ ይቋጥራል፤ አጥር ሥር ወይም ከደጀ ሰላም ያድራል። ውርጩ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥመው አድሮ ጠዋት ይቀጥላል። ቤተልሔም ከጨረሰ በኋላ ዝማሬና መዋሥዕት ካሰኘው ወደ ዙር አባ ይሻገራል። የኔታ «አንተ ከየት መጣህ?» ሲሉት መንገዱን በደብር በደብር ቆጥሮ ይነግራቸዋል። ይህ ልጅ ጂፒኤስ የለውም። ስሊፒንግ ባግ የለውም። ማንም «ሃይከር» ብሎ አይጠራውም። እሱ የሚሄድበት መንገድ ግን ዛሬ «ያልተገኘ» የሚባለው ራሱ መንገድ ነው።

ነገሩ የአንድ ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። የድጓ ዜማ ይትበሃሎች ስማቸው እንኳ የቦታ ስም ነው፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባሉ ይጠራሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ከዚሁ ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ደጋ የተነሡ ናቸው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ቅዱስ ያሬድ ዙር አባ ላይ እንዳስተማረ ትውፊቱ ይናገራል። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከላስታ ተማሪ ለዘመናት ወደዚህ ሲተም ኖሯል። በእግሩ። አንድ ሊቅ «ቤተልሔም አስመስክሬያለሁ» ሲል አብሮ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጋይንትን በእግሬ አውቀዋለሁ ማለቱ ነው። ይህን የመሰለ፣ በትምህርትና በእግር የተሰፋ የተራራ መንገድ ያለው ሀገር ብዙ አይደለም። እኛ ግን እንደ ባዶ መሬት ፖስተር እንለጥፍበታለን።

«አገኘን» የማለት በሽታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ ወደዚህ አገር መጣ። ቤተልሔምን አየ። ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ጥንታዊ፣ በድንጋይና በእንጨት እጅግ በጥበብ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ቆሟል። ፓከንሃም ተደነቀ፤ በ1959 ባሳተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለው መጽሐፉም ጻፈው። ከዚያ ወዲህ በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ቤተልሔም «በ1955 የተገኘ» ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለፍትሕ ያህል፣ ሰውየው በእግሩና በበቅሎ ለፍቶ የመጣ ነው፤ ያየውንም በአክብሮት ነው የጻፈው። በእሱ ላይ የሚነሣ ክስ የለም። ክሱ «ተገኘ» የሚለውን ቃል ተቀብለን በራሳችን አፍ በምንደግመው በእኛ ላይ ነው። እሱ በር ላይ ቆሞ ሲደነቅ ውስጥ ድጓ ይባል ነበር። አቋቋሙም፣ ጾሙም፣ የተማሪው ረኃብም በቦታው ነበር። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ለአውሮፓ ያልተነገረ ነገር ነው የነበረው። ዛሬ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ጋይንትን «አገኘሁት» ሲል ግን የፓከንሃምን ያህል እንኳ ምክንያት የለውም። የገዛ አክስቱ ከዚያ የመጣች ልትሆን ትችላለችና።

በዚሁ መንገድ ሌላም ሰው ይሄዳል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጎንደርና ከጎጃም የተነሡ ምእመናን ለገና ላሊበላ ለመድረስ በቡድን በቡድን ይጓዛሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በሶና ቆሎ ቋጥረው፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ። አንዳንዱ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር በላይ ያለውን ደጋ አልፈው፣ ነፋስ መውጫን ይዘው፣ ጨጨሆ መድኃኔዓለም ተሳልመው ወደ መቄት ይሻገራሉ። ስፔን ውስጥ የሳንቲያጎ መንገድ የሚባለው በዓለም የታወቀው በምን ይመስላችኋል? ልክ በዚህ ነው፤ ምእመናን ወደ አንድ መቃብር በእግር ስለሚሄዱበት ነው። እዚያ በየመንደሩ ለተጓዥ ማደሪያ አለ፣ ውኃ አለ፣ ድንጋይ ላይ የተሣለ ምልክት አለ፤ ተጓዡ በየደረሰበት ማኅተም የሚያስመታበት ደብተር አለው። እኛ ጋ ተጓዧ አሮጊት የምታገኘው የገበሬ ደግነት ብቻ ነው። ደግነቱ ከስፔን ይበልጣል፤ ውኃው ግን የለም።

ሦስተኛውን መንገደኛ ሁሉም ያውቀዋል፤ በ1860 ዓ.ም መስከረም ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ወደ መቅደላ የሄደው በዚሁ በጋይንት ነው። ጋፋት ላይ ያስቀለጠውን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተተ፣ በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ፣ ከዚያ የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ ወደ ደላንታ፣ በመጨረሻም በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ። ከአምስት ወር በላይ ፈጀበት። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠራ ነበር የሚሄደው፤ በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ሲፈነቅል፣ አፈር ሲጠርግ ማየታቸውን ጽፈዋል። በሌላ በኩል ናፒየር ከ13,000 በላይ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ወደዚያው ይገሰግስ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ አለፈ። ሰው መቅደላን ያውቃል፣ ሽጉጡን ያውቃል። በመካከል ያለውን አምስት ወር፣ ማለትም ጋይንትን፣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ወዲያው ዘሎ «በቃ! የቴዎድሮስ መንገድ ብለን እንሰይመው» ይላል። ይህ ሐሳብ በየጊዜው የሚነሣ ነው፤ መጥፎም አይመስልም። አንድ ነገር ግን ይረሳል። ቴዎድሮስ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በጌምድርን ምን እንዳደረገው የበጌምድር ገበሬ ልጅ ያውቃል። እህሉ ተዘርፏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ሸፍተሃል ተብሎ ተገድሏል። መድፉን የጎተተው ጉልበት በፈቃዱ የመጣ ሁሉ አልነበረም። ሰውየው ትልቅ ነው፤ መንገዱም ትልቅ ሥራ ነው። ግን የጋይንት ሰው ደጅ ላይ ሐውልት አቁሞ «ይህ የአንተን ቅድመ አያት ያስጎተተው ንጉሥ መንገድ ነው፣ ደስ ይበልህ» ማለት ሳይጠይቁት አይሆንም። ስም ከተፈለገ የቆሎ ተማሪ መንገድ ቢባል ማን ይከፋዋል? (ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ይከፋቸው ይሆናል፤ የደበሎ ፎቶ እንደ መድፍ ፎቶ አይሸጥም።)

ወደ ዋናው ጉዳይ። በዚህ መንገድ ላይ የሚቀርበው «የልማት» ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ጥናት ይደረጋል። ከዚያ ጉና ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ ይታሰባል። ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሎጅ። ሎጁን የሚሠራው ባለሀብት ከሩቅ ይመጣል፤ የወረዳው ወጣት በዘበኝነት ይቀጠራል፤ እንቁላሉ እንኳ ከባሕር ዳር በመኪና ይጫናል። ይህን ሐሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ከመኪና ወርደው ስለማያውቁ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው መንደር ማለት በመስኮት የሚያልፍ ነገር ነው። ገንዘብም እንደዚያው ያልፋል። ቻይኖች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ጋይንትን ለሁለት ሰንጥቆ ካለፈ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ጠቅሟል፣ አይካድም፤ ሕመምተኛ አድርሷል፣ ገብስና ድንች አውጥቷል። ላሊበላ የሚሄድ ቱሪስት ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ነፋስ መውጫ ላይ ምን አወረደ? ሻይ ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ጠይቆ ሄደ።

በእግር የሚሄድ ሰው ግን መራብ አለበት። መጠማት አለበት። ሲመሽበት ማደር አለበት። ጓዙን የሚጭን በቅሎ ወይ አህያ ያስፈልገዋል፤ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያስፈልገዋል። በየ15 እና በየ20 ኪሎ ሜትሩ የሆነ ሰው ቤት የሆነ ነገር ከፍሎ ነው የሚያልፈው። የእግር መንገድ ኢኮኖሚ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህ ደግሞ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ሐሳብ አይደለም። ጨጨሆን ተሻግራችሁ ወደ መቄት ግቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው ሥራ እዚያ ተጀመረ። የመቋት ማርያም ገበሬዎች ገደሉ አፋፍ ላይ እንደራሳቸው ቤት ያሉ ጎጆዎች ሠሩ። ከዚያ እንደ ዋጀላ ያሉ ሌሎች መንደሮች ተከተሉ። እንግዳው በአነስተኛ ቡድን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግር ይሄዳል፤ አህያ ጓዙን ትጭናለች፤ ምግቡን የሚያበስሉት፣ የሚያስተናግዱት፣ መንገድ የሚመሩት የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው፤ ገቢውን ማኅበሩ ያስተዳድራል። የኮንክሪት ሆቴል የለም። አስፋልት የለም። ገደሉ ያው የጥንቱ ገደል ነው። ከጋይንት በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው ይህ። ታዲያ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሹሞች ለልምድ ልውውጥ ወደ ሩቅ ከተማ አበል እየተከፈላቸው ሲሄዱ ጨጨሆን መሻገር እንዴት አቃታቸው? አበሉ ትንሽ ስለሆነ ይሆን?

የመቄቱም ነገር እንከን የለሽ አይደለም። ደንበኛው የሚመጣው ከሩቅ በኩል ነው፤ እንግዳው ሲቀር መንደሩ ደውሎ የሚጠራው ሰው የለውም። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ላስታና መቄት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆመ። በውጭ እንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው። ለዚህ መልሱ ጋይንት ውስጥ ቀድሞውኑ አለ፤ የላሊበላ ተሳላሚና የጨጨሆ ጠበልተኛ የውጭ እንግዳ አይደለም፤ ኤምባሲ አስጠንቅቆት አይቀርም። ለሱ የሚሆን ማደሪያና ውኃ ካለ ቤቱ ፈረንጅ ባይመጣም አይዘጋም።

ሌላኛው ምሳሌ ሰሜን ተራሮች ነው። እዚያ ያለውን መልካም ነገር ማንም አይክድም፤ ደባርቅ ላይ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩ በየተራቸው ይሠራሉ፤ ብዙ ቤት በዚያ ይተዳደራል። ነገር ግን ግጭንም እናስታውስ። ከፓርኩ መሐል የነበረው የግጭ መንደር ሰው፣ በመቶዎች የሚቆጠር አባወራ፣ ተነሥቶ ደባርቅ ሠፈረ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ግጦሹ አገግሟል፤ ለዋልያም እፎይታ ነው። ይሁንና ከግጭ የወጣው ገበሬ ዛሬ የከተማ ሰው ነው፤ ተራራው በሱ በኩል ለዘላለም ተዘግቷል። ጉናም በክልሉ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ጉና መጠበቅ አለበት፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ጣናን ይመግባሉ፣ በሌላው ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ አባይ ሸለቆ ይገባል። ቀይ ቀበሮ ይኖርበት የነበረ ተራራ ነው። ጓሳው ሲታጨድ፣ አስታው ለማገዶ ሲመነጠር፣ የገብሱና የድንቹ ማሳ ዓመት ዓመት ወደ ጅብራው ሲወጣ ማየት ያማል። ጥያቄው ጉና ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ አይደለም። ነገ እንግዳ መምጣት ሲጀምር የላይ ጋይንትና የእስቴ ገበሬ ጠባቂና ባለቤት ይሆናል ወይስ ተነሺ? ይህ በጽሑፍ መታሰር ያለበት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከመጣ በኋላማ መሬቱ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው መሬት ላይ ገበሬ ተከራክሮ ሲረታ ስንት ጊዜ አይተናል?

አሁን የሚነሣውን ትልቁን ተቃውሞ እንስማው። «ሰው እየሞተ ስለ ሃይኪንግ ታወራላችሁ?» ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቀልድ አይታለፍም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ይዘው ነበር። በዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ በከተማዋ ሴቶች ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከወራት በኋላ ባወጣው ሪፖርት መዝግቦታል፤ 16 ሴቶች የተፈጸመባቸውን ተናግረዋል። ጉና ግርጌ ምሽግ ተቆፍሯል። ደርግ ሊወድቅ ሲል በነበረው ጦርነትም ያው ተራራ የጦር ሜዳ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ በተደጋጋሚ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን አያውቅም። በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ሞልቶ ሃይከር ጋይንት የሚልክ ሰው ካለ አእምሮው ይመርመር።

ግን አስተውሉ። አስፋልቱ ሲዘጋ ጋይንት ምን ያደርጋል? በእግሩ ይሄዳል። በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በዚያው በአባቶቻቸው መንገድ አቀበቱን ይወጣሉ። ጨውና ዘይት በአህያ ይመጣል። ከስማዳ ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣው ሰው በኮንጎ ጫማ ገደሉን ይቧጥጣል፤ ክረምት ሲሆን ጅረቱ ሞልቶ ወንዝ ዳር ያድራል፣ አንዳንዱም ይወሰዳል። እነዚህ ሰዎች ሃይኪንግ አይሉትም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ለቃሬዛው የሚያስፈልገው ነገር ለእንግዳው ከሚያስፈልገው ጋር አንድ ነው። ሙላት ላይ የእግረኛ ድልድይ። አቀበቱ ላይ ድንጋይ የተነጠፈ ደረጃ። በየተወሰነው ርቀት የጎለበተ ምንጭ። ውርጭና ዝናብ የሚያስጥል አንድ ክፍል ቤት። ለዚህ ቱሪስት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰላም እንኳ እስኪመጣ ሁሉንም መጠበቅ አያስፈልግም። እንዲያውም ቱሪስት ጨርሶ ባይመጣ አንድም ሳንቲም አይባክንም። ጉና ጫፍ ላይ ስለሚሠራ ሎጅ ይህን ማለት የሚችል ካለ ይናገር።

ሊባኖስን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። አሥራ አምስት ዓመት እርስ በርሱ የተላለቀ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተራራውን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በዓመቱ ሌላ ጦርነት መጣባቸው፤ ሥራውን ግን ቀጠሉ። 470 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ70 በላይ መንደሮችን ያገናኛል፤ መንደሮቹ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አይደሉም። እንግዳው በመንደር ቤት ያድራል። ጦርነት ሲመጣ እንግዳው ይቀራል፤ ሲረግብ መንገዱ እዚያው ይጠብቀዋል። ኔፓልም ለአሥር ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሆና የተራራ መንገዶቿ አልጠፉም።

«ገንዘቡስ?» ለሚለው መልሱ ቀላል አይደለም፤ ግን አንዱ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም አንሥቶ ያሉበት ወረዳዎች ናቸው። መሥራት የሚችል ተረጂ በወር አምስት ቀን በሕዝብ ሥራ ይሰማራል፤ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ያንን ያህል ዓመት፣ ያንን ያህል ሰው፣ ያንን ያህል ቀን! አንዳንዱ እርከን ድንቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሪፖርት ተሠርቶ በሪፖርቱ ማግስት የፈረሰ ነው፤ እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ይፈርሳል። ከዚያ ቀን ላይ ጥቂቱ ከአርብ ገበያ ወደ ቆላው የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በድንጋይ ለመንጠፍ፣ ከወገዳ ለሚወጣው ሰው ምንጭ ለማጎልበት ቢውል ምን ይጎድላል? የጋይንት ሰው ድንጋይ መካብ ከማንም አይማርም። ጎተራው ባዶ የሆነ ገበሬ የሠራው ደረጃ ነገ ለልጁ የመተዳደሪያ በር ቢሆን ደግሞ ሴፍቲኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ባገኘ ነበር።

የከተማ ተጓዦችም ሳይነሡ አይታለፉም። የቅዳሜና እሑድ የሃይኪንግ ቡድኖች በአዲስ አበባ ዙሪያ ያደረጉትን ያየ ሰው ስለ ጉና ቢሰጋ አይፈረድበትም። ምሳው ከቦሌ ታሽጎ ይመጣል፤ ውኃው በፕላስቲክ ይመጣል፤ ስፒከሩ ይመጣል። ለመንደሩ የሚቀረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። አሮጊቷን «እማማ ፎቶ እናንሳዎት» ብለው ያነሧታል፤ የጠመቀችውን ጠላ ግን «ሆድ ያሳምማል» ብለው አይቀምሱም። ቅዳሴ እየተቀደሰ ድሮን የሚያስነሣም አለ። ከዚያ ማታ «ያልተዳሰሰችዋን ኢትዮጵያ ጎበኘን» ብለው ይለጥፋሉ። ድሮን ስንል ደግሞ፣ ዛሬ በአማራ ገጠር ያ ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ሰው ወደ ካሜራው ፈገግ አይልም፤ ልጁን ይዞ ይሮጣል። ይህን የማያውቅ ተጓዥ ጋይንት ከመሄዱ በፊት ቤቱ ቢቀመጥና ቢያነብ ይሻላል።

ጋይንት የሚገባ ሰው ምሳ ይዞ መሄድ የለበትም። እዚያ ገብስ አለ፣ ድንች አለ፣ ሽሮ አለ፤ ይግዛ። እዚያ መንገድ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ቀጥሮት ይሂድ። እዚያ በቅሎ አለች። በነፃ የሚሰጥ መኝታም አለ፤ የጋይንት ሰው እንግዳ ከፍሎ ይተኛ ሲባል ያፍራልና። ይህ ሐፍረት ራሱ ችግር ነው፤ የእንግዳን ነገር እንደ ሸቀጥ መሸጥ ለብዙ አባወራ ነውር ነው። የመቄት መንደሮች ይህን ያለፉት ክፍያውን ከቤት አውጥተው ለማኅበር በማድረግ ነው። አባወራው አስተናገደ እንጂ አልሸጠም፤ ገንዘቡን የተቀበለው ማኅበሩ ነው። እንዲህ ያለውን ብልኃት የከተማ አማካሪ በላፕቶፕ አያመጣውም።

ስለዚህ ለወረዳዎቹ ምክር ቤቶች የሚቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። የእግር መንገዱ የጋራ ነው የሚል፣ ማንም ባለሀብት አጥሮ ሊይዘው እንደማይችል የሚናገር ደንብ ይጻፍ። መሪነትና በቅሎ ማከራየት የየቀበሌው ነዋሪ መብት መሆኑ በዚሁ ደንብ ውስጥ ይግባ። ቤተልሔም፣ ዙር አባ፣ ቆማና ጨጨሆ እንግዳ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ የሚወስኑት ራሳቸው ገዳማቱና አድባራቱ ይሁኑ፤ የድጓ ጉባኤ እየተካሄደ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» እያለ የሚገባ አስጎብኚ በደጁ ይመለስ። ከየእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ አንድ እጁ ተማሪው ለሚያድርበት ጎጆና ለሚጠጣው ውኃ ይመደብ፤ መንገዱን ሳይከፈለው የጠበቀው እሱ ነውና።

ይህን ለመጻፍ ጥናት አያስፈልግም፤ አማካሪ ድርጅትም አያስፈልግም። የጦርነቱ ጭስ ሲረግብ መጀመሪያ የሚደርሱት የሎጅ ፕላን የያዙ ሰዎች ናቸው፤ በላንድክሩዘር ስለሚመጡ ከሌላው ይቀድማሉ። ያን ቀን የወረዳው ሰብሳቢ ከመሳቢያው የሚያወጣው የተፈረመ ደንብ ይኖረዋል ወይስ ቡና ያፈላላቸዋል?